ስለ አእምሮ ሕመም፣ ስለ ሕክምናው እና ስለ «ጭንቅላት»፦ ሐዋሳ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ሥራዬን ያወቀ ሰው የሚጠይቀኝ ክሊኒክ ውስጥ ብቻ አይደለም። ባጃጅ ውስጥ እጠየቃለሁ። አሞራ ገደል ዓሣ እስኪጠበስልኝ ስጠብቅ እጠየቃለሁ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እንኳ አንዲት እናት ጠጋ ብላ «አንድ ነገር ላማክርሽ?» ትለኛለች። ሁልጊዜ ድምፅ ዝቅ ይላል። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው፣ ወሬው ስለ አእምሮ ሲሆን ዙሪያውን ያያል።

ጥያቄዎቹን እዚህ ሰብስቤ የመለስኩት ለዚያ ነው። ማንም ሳያያችሁ አንብቡት። ይህ ጽሑፍ ሐኪምን አይተካም። ወደ ሐኪም የምትሄዱበትን ቀን በአንድ ሳምንት እንኳ ካቀረበው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሥራዬ ላይ ከማያቸው ነገሮች ሁሉ የሚያንገበግበኝ ሰው ዘግይቶ መምጣቱ ነው።

የአእምሮ ሕመም ማለት እብደት ማለት ነው?

አይደለም። «እብደት» የሚለው ቃል የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ጆንያ ውስጥ ይከታል። ድባቴ ወይም ዲፕሬሽን አለ። የጭንቀት ሕመም አለ። ባይፖላር አለ፤ ሰውየው አንድ ሰሞን እንቅልፍ የማያምረው ኃይለኛ፣ ሌላ ሰሞን ከአልጋ የማይነሣ ይሆናል። ስኪዞፍሬንያ አለ። የሱስ ሕመም አለ። እያንዳንዱ የራሱ ምልክትና የራሱ ሕክምና አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 970 ሚሊዮን ሰው የአእምሮ ሕመም ነበረበት። ከ8 ሰው አንዱ ማለት ነው። አብዛኛው ጭንቀትና ድባቴ ነው። ልብሱን ጥሎ መንገድ ላይ የሚሄደው ሰው ጎልቶ ስለሚታይ ሕመሙ ሁሉ እሱን ይመስለናል። ብዙዎቹ ግን ጠዋት ተነሥተው ሥራ የሚገቡ ናቸው። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰርቪስ አጠገባችሁ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ሰው ይደብረዋል። መቼ ነው በሽታ የሚሆነው?

ሰው ሲሞትበት፣ ሥራ ሲያጣ፣ ትዳር ሲፈርስበት ያዝናል። ይሄ ሕመም አይደለም። እኛ የምናየው ሁለት ነገር ነው፦ ስንት ጊዜ እንደቆየና ኑሮውን ምን እንዳደረገው። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ፣ አብዛኛውን ሰዓት ከከፋችሁ ወይም ድሮ ደስ የሚላችሁ ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣ፣ ከዚያ ጋር እንቅልፍ ከተዛባ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ጉልበት ከከዳችሁ፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ካለ፣ «እኔ ለማንም አልጠቅምም» የሚል ነገር ከተመላለሰባችሁ፣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ታዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ድባቴ ብዙ ጊዜ «ከፋኝ» ብሎ አይመጣም። ጨጓራ ሆኖ ይመጣል። ራስ ምታት፣ ወገብ፣ «መላ ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ሆኖ ይመጣል። አንዲት እናት ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ስትቀያይር ቆይታ ወደ እኛ ተላከች። ሆዷን ሳይሆን ቀኗን ጠየቅኋት። «ቡና አፈላለሁ፣ ግን ሽታው አይመጣልኝም» አለችኝ። ጎረቤት መጥራት ካቆመች ቆይታለች። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጀበና ሳይደርስ ረከቦቱን ታነሣለች። ሕመሟን የነገረኝ ጨጓራዋ ሳይሆን ረከቦቱ ነው።

ልጄ ብቻውን ያወራል፤ በር ይዘጋል፤ «ምግቡ ውስጥ መርዝ ጨምራችኋል» ይላል። ምን ሆኖብኝ ነው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ በአብዛኛው እናቶች ናቸው። ልጁ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 25 ዓመት ይሆናል። ግቢ ገብቶ የነበረ፣ ጎበዝ ተማሪ። መጀመሪያ ክላስ መግባት ያቆማል። ከዚያ ገላውን መታጠብ ይተዋል። ሌሊት ይቀመጣል፣ ቀን ይተኛል። የስልኩን ሲም ካርድ አውጥቶ ይሰብራል፤ «እየቀዱኝ ነው» ይላል። ቤተሰብ በዚህ ጊዜ «ጓደኛ አበላሸው» ወይም «ሰነፈ» ይላል።

ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ማስረጃ የማያነቃንቀው ጥርጣሬ፣ የተያያዘ ንግግር ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፤ እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ የምንፈራው ሳይኮሲስ የሚባለውን ነው። ስኪዞፍሬንያ አንዱ መልኩ ነው። ግን ሳይኮሲስ ሁሉ ስኪዞፍሬንያ አይደለም። ጫትና ሌላ ዕፅ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ኢንፌክሽን፣ ባይፖላር ሊያመጡት ይችላሉ። ስለዚህ ስም ከመስጠታችሁ በፊት አስመርምሩት። ትኩሳት ካለው ወይም ቀንና ቦታ ከጠፋበት ግን ለነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ቤት ውስጥ ምን ትሉታላችሁ? «ማንም መርዝ አልጨመረም! አብደሃል እንዴ?» ብላችሁ አትሟገቱት። «አዎ ጨምረውብሃል» ብላችሁም አታጽኑለት። «እንደፈራህ አያለሁ። እኔ ድምፁ አይሰማኝም፤ ግን ብቻህን አልተውህም» በሉት። ከእሱ ሳህን ቀድማችሁ ጉረሱ። እኔ የማውቃት አንዲት እናት ለሦስት ሳምንት ከልጇ ጋር በአንድ ትሪ እየበላች፣ መጀመሪያውን ጉርሻ ራሷ እየጎረሰች አቆየችው። ሐኪም ቤት ሲመጣም እጇን ይዞ ነው የመጣው።

ስኪዞፍሬንያ በዓለም ላይ ከ300 ሰው አንዱን ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ከታማሚዎቹ ቢያንስ ሲሶው ሙሉ በሙሉ ሊያገግም እንደሚችል ይናገራል። ከቀሩትም ብዙዎቹ በሕክምና ሠርተው ያድራሉ። እዚህ አገር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቡታጅራ ላይ ባለሙያዎች ቤት ለቤት ዞረው ከ68,000 በላይ ሰው ጠይቀው ነበር። ያገኟቸው አብዛኞቹ የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም። በየጓዳው ነበሩ ማለት ነው።

ጸበል እንውሰደው ወይስ ሐኪም ቤት?

ሁለቱንም። ከልቤ ነው የምለው። ጸበል የሚሄደው ጸበሉን፣ ፓስተር የሚጸልይለት ጸሎቱን፣ ዱዓ የሚደረግለት ዱዓውን አይተው። ታማሚ ሰው ተስፋ ያስፈልገዋል፤ «ብቻህን አይደለህም» የሚለው ሰውም ያስፈልገዋል። ያንን እኛ በአሥራ አምስት ደቂቃ ቀጠሮ አንሰጠውም። ክኒኑን በጸበል የሚውጡ ሰዎች አሉ፤ «ሁለቱም የእግዜር ነው» ብለው የሚያበረቱ ካህናትም አጋጥመውኛል። እግዜር ይስጣቸው።

የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። ጸሎት ተጀመረ ተብሎ መድኃኒት አይቁም። ታማሚው በጾም ብዛት ውኃና ምግብ አይከልከል። አይመታ፣ አይታሰር። ሰንሰለት ያሰረ ቤተሰብ ክፉ ነው ብዬ አላምንም፤ ብዙ ጊዜ ጨንቆት ነው፤ ልጁ ሌሊት ወጥቶ መኪና እንዳይገጨው ነው። ግን ሰንሰለቱ ቁስል ያመጣል፤ ታስሮ የከረመ ሰውም እኛን ለማመን ጊዜ ይወስድበታል። ያን ደረጃ የደረሰ ሰው ዛሬውኑ ሐኪም ቤት መምጣት ያለበት ነው። መርፌ አለ፤ በሰዓታት ውስጥ ያረጋጋል።

ሐዋሳ ላይ የት እንሂድ? አዲስ አበባ አማኑኤል ካልሄድን አይሆንም?

አማኑኤል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ለዚያ ነው «አማኑኤል ገባ» የሚለው አነጋገር የቀረው። አሁን ግን 275 ኪሎ ሜትር መጓዝ የመጀመሪያው ነገር መሆን የለበትም። ሁላችንም «ሪፈራል» የምንለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከሻሸመኔ ሰው ወደዚያ ይመጣል። ሪፈራል ድረስ ያልቻለ በአካባቢው ጤና ጣቢያ ይጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. በጀመረው ፕሮግራም ነርሶችና ጤና መኮንኖች የተለመዱትን የአእምሮ ሕመሞች እንዲያክሙ እየሠለጠኑ ነው፤ ኢትዮጵያም ውስጥ ገብታበታለች።

የመጀመሪያው ቀን አያስፈራችሁ። ማንም አያስራችሁም። እንጠይቃለን፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ መጠጥ፣ ጫት፣ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ ያውቃል ወይ፣ በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የሆነ አለ ወይ። ደም ልናሠራ እንችላለን፤ የእንቅርት ዕጢ መዛባት እንኳ ድባቴ ሊመስል ይችላል። ታማሚውን የሚያውቅ ሰው አብሮ ይምጣ። ከተቻለ ነገሩ የጀመረበትን ሰሞን በወረቀት ጻፉልን። የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ በፌስታል አድርጋችሁ አምጡ። አንቆጣም።

ሳይካትሪስትና ሳይኮሎጂስት አንድ ናቸው?

አይደሉም። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ በንግግር ይረዳል፣ ይፈትናል፣ ይመክራል። እኛ ነርሶች መሐል ላይ ነን፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታገኙት እኛን ነው።

መድኃኒቱ ሱስ አይሆንም? ዕድሜ ልኩን ሊውጥ ነው?

የድባቴ መድኃኒቶች፣ እንደ ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉት፣ ሱስ አያስይዙም። የሳይኮሲስ መድኃኒቶችም እንደዚሁ። ሱስ የሚያስይዘው ሰው ራሱ ከፋርማሲ እየገዛ ለእንቅልፍ የሚውጠው ዲያዜፓምና ዘመዶቹ ናቸው። የሚገርመው ሰው የሚፈራው የመጀመሪያዎቹን፣ የሚደፍረው ሁለተኛውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጠፋብናል። የድባቴ መድኃኒት ዛሬ ውጣችሁ ነገ አያስቅም። ለውጡ የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነው፤ ሙሉ ሥራውን ሲሠራ ከዚያም ያልፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ማቅለሽለሹና የአፍ መድረቁ ይቀድማል። ስለዚህ ሰው ጥቅሙን ሳያይ ጉዳቱን አይቶ ይተዋል። ሁለተኛው ጊዜ የሚተወው ሲሻለው ነው። «ዳንኩ» ይላል። ከተሻለም በኋላ ቢያንስ ከ6 ወር በላይ መቀጠል አለበት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይኮሲስ የያዘው ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት። ደጋግሞ የተነሣበት ሰው ረዘም ላለ ጊዜ፣ አንዳንዱም ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። የስኳር ታማሚም እንዲሁ ነው፤ እሱን ግን ማንም «አሁንም ትውጣለህ?» ብሎ አይነዘንዘውም።

የጎንዮሽ ጉዳት የለም አልልም። ለሳይኮሲስ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል አንገት ሊያጣምም፣ አካል ሊያደርቅ፣ መቀመጫ ሊያሳጣ ይችላል። ቤተሰብ ይደነግጣል፤ «መድኃኒቱ ገደለው» ይላል። ያስደነግጣል፤ ግን ማስታገሻ አለው። ቶሎ ተመለሱ፣ መጠኑ ይስተካከላል ወይም ይቀየራል። አንዳንዱ መድኃኒት ያወፍራል፤ አንዳንዱ ያንቀላፋል። በየቀኑ መዋጥ ለሰለቸው በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ አለ። ለባይፖላር የሚሰጠው ሊቲየም ደግሞ በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል። ልትወልድ የምታስብ ሴት ለባይፖላርና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ሶዲየም ቫልፕሮኤት እየወሰደች ከሆነ ሳታረግዝ በፊት ትንገረን፤ ጽንሱን ይጎዳል፣ ሌላ ምርጫ አለ። ራሷ ግን በድንገት አታቁመው።

ንግግር ብቻ ያድናል? እኔ ጓደኛዬን አወራዋለሁ እኮ።

ጓደኛችሁን አውሩት፤ ጥሩ ነው። የሥነ ልቦና ሕክምና ግን ሌላ ነው፤ ሥራ አለው። አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የድባቴ ታማሚዎቹ አንድ ነገር ሲገጥማቸው በቅጽበት የሚመጣባቸውን ሐሳብ ማጥናት ጀመረ። ለምሳሌ ጎረቤትሽ ሰላም ሳትልሽ አለፈች እንበል። «ንቃኝ ነው» ብለሽ አሰብሽ። ቀኑን ሙሉ ቆዘምሽ። ማታ ሱቅ መሄድ ሲገባሽ እሷን እንዳታገኚ ቀረሽ። ሕክምናው ሐሳቡን ወረቀት ላይ ያስቀምጥና «ሌላ ምክንያት ይኖር ይሆን?» ያስብላል። ምናልባት ልጇ ታሞ እየሮጠች ነበር። ከዚያ ነገ ራስሽ ቀድመሽ ሰላም በያት ይላል፤ የቤት ሥራ ነው። ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴ እንዲሁም ለጭንቀት ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ለከባዱ ከመድኃኒት ጋር ነው።

በኤሌክትሪክ ያክማሉ የሚባለው እውነት ነው?

አለ። በ1938 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ተጀመረ። ዛሬ በማደንዘዣ ታማሚው ተኝቶ የሚሰጥ ሲሆን ለከባድ ድባቴ ካሉት ሕክምናዎች ሁሉ ጠንካራው ነው። ቅጣት አይደለም።

ጫት ነው ያሳበደው ይላሉ። ጫት ያሳብዳል?

ሐዋሳ ላይ ይህን ጥያቄ መሸሽ አይቻልም። በለጬው ከወንዶ ገነት በኩል በኮባ ተጠቅልሎ ትኩሱን ይገባል። ትኩሱ የሚፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲደርቅ ይሰባበራል። ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው። ምርቃናውን የሚያመጣው እሱ ነው።

የሚቅም ሁሉ አይታመምም። ግን ብዙ የሚቅም፣ ሌሊቱን የሚያድርበት፣ በዘር የመታመም ዝንባሌ ያለው ሰው ላይ ሳይኮሲስ ሊቀሰቅስ ይችላል። የታመመው ላይ ሕመሙን ያብሳል፤ የምንሰጠውን መድኃኒትም ሥራ ያፈርሳል። ከምርቃና ለመውረድ ጨብሲ ሲጨመርበት ደግሞ አንዱ ሱስ ሁለት ይሆናል።

ያቆሙ ልጆች ስለ ዱካክ ይነግሩኛል። ማታ አንድ ነገር ደረቱ ላይ ይቀመጣል፣ ያንቀዋል፣ ይጎትተዋል። አንድ የባጃጅ ሾፌር «ሲስተር፣ ጫቱ ራሱ ሊወስደኝ መጣ መሰለኝ» አለኝ፤ እየሳቀ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ፈርቶ ተመልሶ ቃመ። ዱካክ ጋኔን አይደለም። ለወራት ታፍኖ የኖረ እንቅልፍ ሲለቀቅ ሕልሙ በኃይል ይመጣል። በጊዜ ይቀንሳል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሦስተኛውን ቀን የማለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። የባጃጁ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞክር እናቱ አጠገቡ ተኛች። አሁን ሌሊት አይሠራም።

እህቴ ወልዳ በሳምንቷ መለወጥ ጀመረች። «ጥላ ነው» ይላሉ።

ብዙ ወላድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታለቅሳለች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ካላለፈ የወሊድ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። ሦስተኛው ዓይነት ጥቂት ነው፤ ከ1,000 ወላድ አንድ ወይም ሁለት ላይ ይደርሳል፤ ግን አደገኛ ነው። አትተኛም። ትለፈልፋለች። ስለ ልጁ የማይሆን ነገር ታምናለች። ይህ ድንገተኛ ነው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ። እናቶቻችን «አራስ ብቻዋን አትተውም» ሲሉ ልክ ናቸው። እሷንም ሕፃኑንም አትተዉ። በደንብ የሚድን ሕመም ነው።

የሚጥል በሽታ የአእምሮ ሕመም ነው? ክብሪት ማሽተትስ?

የሚጥል በሽታ የአንጎል ነርቭ ሕመም ነው። ሰዎች ወደ እኛ የሚያመጡት ብዙ ቦታ የምናክመው እኛ ስለሆንን ነው።

ክብሪቱን አውቀዋለሁ። ፒያሳ ላይ አንድ ወጣት ሲወድቅ አይቻለሁ። አሥር ሰው ከበበ። ሁለት ሰው ክብሪት ለኩሶ አፍንጫው ሥር ያዘ። አንዱ ጥርሱን በቁልፍ ሊፈለቅቅ ሞከረ። አረፋው እንዳይነካው የፈራ ሌላው ወደ ኋላ ሸሸ። ክብሪቱ ምንም አያደርግም። የሚጥለው በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ራሱ ይቆማል፤ ክብሪቱ ሲያልቅ ሕመሙም ስላለቀ ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል። አረፋውም አያስተላልፍም። በዚህ ፍርሃት የተነሣ ምድጃ ላይ የወደቀ ሰው ሳይነሣ ተቃጥሎ የመጣበት ጊዜ አለ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

የምታደርጉት ይህ ነው፦ እሳትና ስለት ከአጠገቡ አርቁ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲቀንስ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት። ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ ክኒን ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሕመም ሲያቆም ኖሯል። በትክክል ከተወሰደ ብዙዎቹ ላይ መውደቁ ይቆማል።

በዘር ይተላለፋል? ልጄ ከእነሱ ቤት ልታገባ ነው።

ዝንባሌው ሊወረስ ይችላል፤ ሕመሙ ራሱ እንደ ርስት አይወረስም። ስኪዞፍሬንያ ካለበት አንድ ወላጅ የተወለደ ልጅ የመታመም ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ ነው። ከ100 ልጆች 90 ያህሉ አይታመሙም ማለት ነው። በሁሉም ነገራቸው ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንዱ ቢታመም እንኳ ሌላው ሳይታመም የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጁን እዩት። ቤቱን ብቻ አትዩ።

ትምህርት በዝቶበት አበደ ይላሉ። ብዙ ማሰብ ያሳምማል?

ማንበብ ሰው አያሳብድም። ግራ የሚያጋባው ዕድሜው ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ነው። ልጁ መጽሐፍ ይዞ ታመመ፤ ጥፋቱ ለመጽሐፉ ተሰጠ። በዚያው ዕድሜ መርካቶ ጆንያ የሚሸከመውም ይታመማል። እንቅልፍ ማጣትና የፈተና ውጥረት ግን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ «ሌሊቱን ነጭ አድርጌ አጠናሁ» ከማለት ስድስት ሰዓት ተኝቶ መግባት ይሻላል።

እዚህ ላይ አብሾን ላንሣ። ጭንቅላት ይከፍታል ተብሎ የሚጠጣ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሣበት ተክል አስተናግር ነው፤ ስኮፖላሚንና አትሮፒን አለው። ስኮፖላሚን ተመራማሪዎች የሰውን የማስታወስ ችሎታ ለጊዜው ለማዳከም የሚጠቀሙበት ነገር ነው! መጠኑ ትንሽ ካለፈ ሰው ያቃዣል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ሊሞትም ይችላል። ለማትሪክ ተብሎ ለልጅ አይሰጥ፤ እባካችሁ።

ልጄ ትምህርት አይገባውም። አይኪው ላስለካው?

መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስለኩለት። ቀልድ አይደለም። «ደደብ ነው» ተብሎ የመጣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አውቃለሁ፤ ጥቁር ሰሌዳው አይታየውም ነበር። መነጽር ተደረገለት። ከዚያ እንቅልፉን፣ ቁርሱን፣ ክፍል ውስጥ የሚመታው ሰው መኖሩን ጠይቁ። በቤቱ የሚነገረው ሲዳምኛ ሆኖ የሚማረው በሌላ ቋንቋ ሊሆንም ይችላል።

የአይኪውን፣ ማለትም የማሰብ ችሎታ መለኪያውን፣ ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። በ1905 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን መጀመሪያውን መለኪያ የሠሩት ተጨማሪ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች ለይቶ ለመርዳት ነው። ቢኔ ራሱ የማሰብ ችሎታ የማይለወጥ ነው የሚሉትን ይቃወም ነበር። በኋላ ነው ሌሎች ሰው መፈረጃ ያደረጉት። በዛሬዎቹ ፈተናዎች አማካዩ 100 ነው፤ ከ100 ሰው 68ቱ ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው «አይኪውህን እወቅ» ግን ምንም አይለካም። እውነተኛው ፈተና በሠለጠነ ባለሙያ፣ ፊት ለፊት፣ ለአገሩ ሰው በተስተካከለ መልኩ ነው የሚሰጠው።

ማስተካከሉ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ የምወደው ምሳሌ አለ። ማይክል ኮልና ጆሴፍ ግሊክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ላይቤሪያ ውስጥ ለክፔሌ ብሔረሰብ ገበሬዎች ምግብ፣ መሣሪያና ዕቃ ሰጥተው «የሚመሳሰሉትን አስቀምጡ» አሏቸው። ገበሬዎቹ ቢላዋውን ከብርቱካኑ፣ ድንቹን ከመቆፈሪያው ጋር አደረጉ። በፈተናው ሕግ ይህ «ዝቅተኛ» መልስ ነው፤ ምግብ ከምግብ፣ መሣሪያ ከመሣሪያ መሆን ነበረበት። ገበሬዎቹ ግን «ብልህ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው» አሉ። በመጨረሻ «ሞኝ ሰውስ እንዴት ያደርገዋል?» ተባሉ። ወዲያው ምግቡን ከምግብ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ ደረደሩት።

እኔ ይህን ታሪክ ለእናቶች እነግራለሁ። አያቴ ብትሆን እሷም ቢላዋውን ከሽንኩርቱ ጋር ነበር የምታስቀምጠው።

ልጁን የሚረዳውን ከጠየቃችሁኝ፦ አዮዲን ያለው ጨው፣ ከቻላችሁ እንቁላልና ወተት፣ ዓሣማ ከተማችን ሞልቷል፤ በቂ እንቅልፍ፤ ከሁሉም በላይ የሚያወራው ትልቅ ሰው። አዮዲን ማነስ እንቅርት ብቻ አያመጣም፤ በእርግዝና ጊዜ ከሆነ የልጁን አንጎል ይጎዳል።

ወንድሜ «ብሞት ይሻለኛል» አለ። ብጠይቀው ነገር አነሣሣበት ይሆን?

አታነሣሡበትም። ጠይቁት። በግልጽ ቃል፦ «ራስህን ስለማጥፋት አስበሃል?» በሉት። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብዙ ሰው ሲጠየቅ እፎይ ይላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰው በዚህ መንገድ ይሞታል፤ «የሚናገር አያደርገውም» የሚለው አባባል ስህተት ነው። አስቤያለሁ ካለ ብቻውን አትተዉት። አትገሥጹት፣ «ኃጢአት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ቤት ውስጥ ያለውን ፀረ ተባይ ኬሚካልና የተጠራቀመ ክኒን አውጡ ወይም ቆልፉ። ከዚያ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ። ኮንትራት ባጃጅ ያዙ። ሰው ቢያየን ምን ይለናል አትበሉ።

ጎረቤታችን ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ። ምን ልበለው?

«እንኳን ለቤትህ አበቃህ» በሉት። ወልዶ እንደመጣ፣ ኦፕራሲዮን ሆኖ እንደመጣ ሰው ብርቱካን ይዛችሁ ጠይቁት። ስለ ሕመሙ ካላነሣ አታንሡ፤ ካነሣ ስሙት። ቡና ሲፈላ ጥሩት። ዕቁብና ዕድር ላይ ስሙ ይቆይለት። ክኒኑን በሰዓቱ ይወስድ እንደሆነ ግን እናቱን ቀስ ብላችሁ ጠይቋት፤ ቀጠሮው ቀን ብቻዋን ከሆነች አብራችኋት ሂዱ።